የፋብሪካ ግዥና የምርት ዕቅድ ሥራ እንዴት ይጀመራል?

ፋብሪካ ውስጥ ምርት የሚቆመው ማሽን ሲበላሽ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ደህና፣ ሠራተኛውም ፈረቃው ላይ ሆኖ አንድ ዓይነት ብሎን ወይም ማሸጊያ ካርቶን ስለጎደለ ብቻ መስመሩ የሚቆምበት ቀን አለ። ይህ እንዳይደርስ የሚጠበቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ዕቃውን የሚያስመጣው የግዥ ሠራተኛ፣ እንዲሁም ምን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚመረት የሚያወጣው ፕላነር። ትልልቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ሁለቱ የየራሳቸው ክፍል አላቸው፤ ትንንሾቹ ውስጥ ግን አንድ ሰው ደርቦ ይይዛቸዋል።

ወደዚህ ሙያ መግባት የሚፈልጉ ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁት "የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ?" ብለው ነው። እሱም ተራው ይደርሳል፤ እዚህ ግን ሰባተኛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የሥራው መሠረት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ስንት ያስፈልጋል፣ በእጅ ስንት አለ፣ የጎደለው መቼ ይደርሳል። ሦስቱን አጣርቶ መያዝ የሚችል ጀማሪ ሰርተፍኬት ደርድሮ ቁጥሩን ከማያጣራው ይልቅ ቶሎ ይታመናል።

1. በየትኛው በር እንደምትገቡ ወስኑ

የሥራ ማስታወቂያ ርዕስ ያሳስታል። "የግዥ ኦፊሰር"፣ "ፐርቸዘር"፣ "ማቴሪያል ፕላነር"፣ "የምርት ዕቅድና ቁጥጥር ባለሙያ" የሚሉት መጠሪያዎች ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ። ርዕሱን ተዉትና ዝርዝሩን አንብቡ። አቅራቢ መምረጥ፣ ዋጋ መደራደር፣ ውል የሚሉት ከበዙ ሥራው ግዥ ነው። መርሐ ግብር፣ የማሽን አቅም፣ ለደንበኛ የማስረከቢያ ቀን የሚሉት ከበዙ ዕቅድ ነው። የክምችት መጠንና የጥሬ ዕቃ ክትትል ከበዛ ደግሞ መሃል ላይ ያለው የማቴሪያል ፕላነር ሥራ ነው። ሁለቱንም ወገን ስለሚያሳይ ለጀማሪ የተሻለው ይሄኛው ይመስለኛል።

ያለ ልምድ እነዚህ ቦታዎች ላይ በቀጥታ የሚቀጠር ጥቂት ነው። የተለመዱት መግቢያዎች የመጋዘን ሠራተኝነት፣ የምርት መዝጋቢነት፣ የግዥ ክፍል ረዳትነትና የትዕዛዝ ክትትል ናቸው። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ መጋዘኑን አስቀድሙ። ኮምፒዩተሩ 300 ሲል መደርደሪያው ላይ 260 የሚገኘው ለምን እንደሆነ መጋዘን የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ አንዱ ገቢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፣ ማታ ለጥገና የወጣው ሳይጻፍ ቀርቷል፣ የተበላሸው ጥግ ላይ ተከምሯል ግን ከመዝገብ አልወጣም፣ በሜትር የገባው በጥቅልል ተቆጥሯል። በኋላ ፕላነር ስትሆኑ የቱን ቁጥር ማመን እንደሌለባችሁ የምታውቁት ከዚህ ልምድ ነው።

2. አንድን ምርት ከዝርዝሩ እስከ ክፍያው ተከተሉ

አጠገባችሁ ያለ ማንኛውንም ዕቃ አንሱ። እስክሪብቶ ይሁን። ፈታትታችሁ የተሠራበትን ሁሉ ከነብዛቱ ጻፉ፦ የውጭ አካል 1፣ የቀለም ቱቦ 1፣ ስፕሪንግ 1፣ መጫኛ 1፣ መያዣ ክሊፕ 1። ይህ የምርቱ የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ቢኦኤም ሲባል የምትሰሙት። አሁን የረሳችሁትን ፈልጉ። በአካሉ ላይ የታተመበት ቀለም የት ገባ? 12 የሚይዘው ትንሹ ሣጥን፣ ሣጥኖቹን የሚይዘው ትልቁ ካርቶን፣ የካርቶኑ ፕላስተር፣ የሚለጠፈው ሌብል? ምርት የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ ውዱ ዕቃ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ሰው ይከታተለዋል። የሚያስቆመው ማንም ልብ ያላለው ሌብል ነው።

ከዝርዝሩ ቀጥሎ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ጻፉ፦ የትኛው ማሽን ላይ፣ በየትኛው ተራ፣ ለስንት ደቂቃ። በየደረጃው የሚባክነውንም ጨምሩ። ከ100 ውስጥ 5 የሚበላሽ ከሆነ 100 ጥሩ ዕቃ ለማግኘት 106 መጀመር ያስፈልጋል።

የግዥው ወረቀት የሚሄድበትንም መንገድ እወቁ። ዕቃውን የሚፈልገው ክፍል የግዥ መጠየቂያ ያወጣል፤ ግዥ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ያወዳድራል፤ የግዥ ትዕዛዝ ተፈርሞ ይላካል፤ አቅራቢው የሚያደርስበትን ቀን ያረጋግጣል፤ ዕቃው ሲመጣ መጋዘን ቆጥሮ የገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ጥራት ክፍል ይመረምራል፤ ኢንቮይሱ ይመጣል፤ ሒሳብ ክፍል ይከፍላል። ከመክፈል በፊት ትዕዛዙ፣ የገቢ ደረሰኙና ኢንቮይሱ ጎን ለጎን ተደርገው ይመሳከራሉ። ያዘዘው፣ የተረከበውና የከፈለው ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆን ያለባቸውም ለዚሁ ነው። አንድ ሰው ሦስቱንም እንዲሠራ የሚደረግበት ቦታ ከተቀጠራችሁ ቢያንስ ርክክቡን ሌላ ሰው እንዲፈርምበት ጠይቁ፤ ለራሳችሁም መከላከያ ነው።

3. ሒሳቡን በእጃችሁ ሥሩት

ኤምአርፒ የሚባለው የማቴሪያል ፍላጎት ስሌት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደ ጆሴፍ ኦርሊኪ ባሉ ባለሙያዎች ጥረት ወደ ኮምፒዩተር ገባ፤ ዛሬ ሶፍትዌር በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ውስጡ ያለው ግን መደመርና መቀነስ ነው። አንድ ጊዜ በእጁ ያልሠራው ሰው ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ ነገር ሲያወጣ አይነቃም።

ጠረጴዛ የሚሠራ ፋብሪካ እንውሰድ። ደንበኛ በ8ኛው ሳምንት 120 ጠረጴዛ ይፈልጋል። ያለቀ 20 መጋዘን ውስጥ አለ፤ ስለዚህ የሚመረተው 100 ነው። መገጣጠሙ አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ እንግዲያው ሥራው 7ኛው ሳምንት ሲገባ መጀመር አለበት፣ እግሮቹም ያን ዕለት መኖር አለባቸው። ለአንድ ጠረጴዛ 4 ሆኖ በጠቅላላ 400 እግር።

መጋዘን ያለው 150 እግር ነው። ከእሱ 50ው መጠባበቂያ ስለሆነ አይነካም፤ 100 ቀረ። ቀድሞ የታዘዘ ሌላ 100 በ5ኛው ሳምንት ይገባል። ከ400 ላይ ሁለቱን ስንቀንስ 200 እግር ይጎድላል። አቅራቢው ከ250 በታች አይቀበልም፤ ትዕዛዙ 250 ይሆናል። ለማድረስ 3 ሳምንት ስለሚወስድበት ከ7 ላይ 3 እንቀንሳለን፤ ትዕዛዙ በ4ኛው ሳምንት መውጣት ነበረበት።

አሁን ዛሬ 5ኛው ሳምንት ነው እንበል። ቀኑ አልፏል። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ፕላነሩን የሚያስፈልገው። መጠባበቂያው የተቀመጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ስለሆነ አስፈቅዳችሁ ንኩት፦ 150 እና የሚገባው 100 ሲደመሩ 250 እግር፣ ማለትም 62 ጠረጴዛ፤ 2 እግር ይተርፋል። ያለቀው 20 ሲጨመርበት 82 ጠረጴዛ በቀኑ ይደርሳል። ዛሬ የታዘዘው 250 እግር በ8ኛው ሳምንት ይገባል፣ የቀሩት 38 ጠረጴዛዎች በ9ኛው ሳምንት ያልቃሉ። 38ቱ 152 እግር ይወስዳሉ፣ 100 ይቀራል፤ መጠባበቂያውም ቦታው ተመለሰ። እንግዲህ ለሽያጭ ክፍል "ይዘገያል" ብሎ መልስ የለም። "82 በቀኑ፣ 38 ከሳምንት በኋላ፤ ደንበኛው ከፋፍሎ ይረከባል ወይ?" ነው የሚባለው።

ቁጥሮቹን እየቀያየራችሁ ደጋግሙት። የማድረሻ ጊዜውን 5 ሳምንት አድርጉት። እግሩ ራሱ ከእንጨትና ከቫርኒሽ የሚሠራ ይሁንና አንድ ደረጃ ወደ ታች ውረዱ። ደንበኛው መሃል ላይ 120ውን ወደ 150 ያሳድግ።

በየቀኑ ከሞላ ጎደል እኩል ለሚወጡ ዕቃዎች ቀለል ያለ ዘዴ አለ። በቀን 40 የሚወጣ፣ ለመድረስ 15 ቀን የሚፈጅ ዕቃ በመሃሉ 600 ያስፈልገዋል፤ ለ5 ቀን መዘግየት 200 ጨምሩበት፤ ክምችቱ 800 ሲደርስ ታዛላችሁ። በአንድ ጊዜ ስንት ይታዘዝ ለሚለው ደግሞ ፎርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው ቀመር እስካሁን ይሠራበታል፦ የዓመቱን ፍላጎት በአንድ ትዕዛዝ ወጪ አባዙ፣ እንደገና በ2 አባዙ፣ አንዱን ዕቃ ዓመት ለማስቀመጥ በሚወጣው ወጪ አካፍሉ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ውሰዱ። ፍላጎት 10,000፣ የትዕዛዝ ወጪ 50፣ የማስቀመጫው 1 ከሆነ መልሱ 1,000 ነው፤ በዓመት 10 ጊዜ ማዘዝ ማለት ነው። ቀመሩ ፍላጎት ዓመቱን ሙሉ እንደማይለዋወጥ አድርጎ ስለሚነሳ ከመነሻነት በላይ ቦታ አትስጡት።

4. ኤክሴል፣ ከዚያ ሲስተም

ቀጣሪ ስለ ኤክሴል ሲጠይቅ ብዙ ሰው "ጎበዝ ነኝ" ይላል። ፈተናው ግን ይህ ነው፦ አንድ ሉህ ላይ ክምችት፣ ሌላው ላይ ያልገቡ ትዕዛዞች፣ ሦስተኛው ላይ የምርት ዕቅድ ይሰጣችኋል፤ የሚጎድለውን በሳምንት ከፋፍላችሁ አውጡ። ለዚህ ቪሉክአፕ ወይም ኤክስሉክአፕ (ከሌላ ሉህ ፈልጎ የሚያመጣ)፣ ሰምኢፍስ (በመስፈርት መርጦ የሚደምር)፣ ፒቮት ቴብል (መረጃን በየዓይነቱ ጠቅልሎ የሚያሳይ) እና የቀን ስሌት ካወቃችሁ በቂ ነው። ከላይ ያለውን የጠረጴዛ ምሳሌ ኤክሴል ላይ አስቀምጡት፤ አንዱን ቁጥር ስትቀይሩ ሁሉም አብሮ የሚቀየር እስኪሆን ድረስ ሥሩት።

ከዚያ ኢአርፒ አለ፤ የግዥ፣ የክምችት፣ የምርትና የሒሳብ ሥራን በአንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ኤስኤፒ፣ ኦራክል፣ ማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ ውድ ስለሆኑ ቤት ውስጥ መለማመድ ያስቸግራል። የኦዱ ኮሚኒቲ እትምና ኢአርፒኔክስት ግን በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ የግዥ፣ የክምችትና የማምረቻ ክፍል አላቸው። አንዱን ጭናችሁ ጠረጴዛውን ከነእግሩ መዝግቡ፣ ትዕዛዝ አውጡ፣ ገቢ አድርጉ፣ አምርቱ። የአንዱ ሲስተም አካሄድ ከገባችሁ ሌላው የሚለየው ቁልፉ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

5. የግዥውን ወገን ተማሩ

ዝቅተኛ ዋጋ መምረጥ ችሎታ አይጠይቅም። ሁለት አቅራቢ አለ እንበል፤ አንዱ 10፣ ሌላው 9 ይላል። የ9ኙ ማጓጓዣ በአንዱ ላይ 0.50 ይጨምራል፣ ከሚልከው 100 ውስጥም 4 ይጣላል። 9.50 ለ0.96 ሲካፈል 9.90 ገደማ ይመጣል። የ1 ልዩነት ወደ 0.10 ወረደ። በዚያ ላይ ከ5,000 በታች አይሸጥም፣ ፋብሪካው ግን በወር 800 ነው የሚጠቀመው፤ ከስድስት ወር በላይ የሚሆን ዕቃ መጋዘን ሞልቶ ገንዘብ ያዘ ማለት ነው። የ10ሩ አቅራቢ 500 500 እያደረገ በሳምንት የሚያደርስ ከሆነ ምርጫው ግልጽ ነው። ይህን ስሌት በአንድ ገጽ አድርጎ ለአለቃ የሚያቀርብ ጀማሪ ቶሎ ይታወቃል።

ክትትል ላይ ደግሞ የአጠያየቅ ጉዳይ አለ። "ትዕዛዛችን እንዴት ነው?" ብትሉ መልሱ ሁልጊዜ "ጥሩ ነው፣ ይደርሳል" ነው። "የ250ው እግር እንጨት ገብቷል? ዛሬ ስንቱ ተቆርጧል? ቫርኒሽ የሚቀባው በየትኛው ቀን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እንጨቱ ገና ካልገባ የሰጡት ቀን እንደማይሳካ አሁኑኑ ታውቃላችሁ፤ የማድረሻው ቀን ሲደርስ ከማወቅ ይሻላል። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ኢንኮተርምስን፣ ማለትም ሻጭና ገዥ ወጪንና ኃላፊነትን እንዴት እንደሚካፈሉ የሚወስኑትን የንግድ ቃላት፣ ማወቅ ግድ ነው። ደንቦቹን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው፤ የ2020ው እትም 11 ቃላት አሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲአይኤፍ ላይ ነው። ሻጩ እስከ መድረሻ ወደብ የመርከቡንና የመድኑን ይከፍላል፤ የጉዳቱ ኃላፊነት ግን ዕቃው መነሻው ላይ መርከብ ላይ ሲጫን ለገዥው ይተላለፋል። መንገድ ላይ ለደረሰ ጉዳት መድኑን የሚጠይቀው እንግዲህ ገዥው ነው።

ከአቅራቢ የሚመጣ ስጦታን በተመለከተ የድርጅቱን ደንብ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁና በጽሑፍ ውሰዱ። ደንብ ከሌለ አትቀበሉ።

6. የዕቅዱን ወገን ተማሩ

መቁረጫው በሰዓት 60፣ ቀለም መቀቢያው 45፣ ማሸጊያው 80 ቢያወጣ የመስመሩ አቅም 45 ነው። መቁረጫውን በ60 ማስኬድ የሚያመጣው ቀለም ፊት ለፊት የተከመረ ዕቃ ብቻ ነው። ፕላነር ማነቆው የቱ እንደሆነ አውቆ ሌላውን በእሱ ልክ ያስኬዳል።

45ቱንም ቢሆን እንዳለ አትውሰዱት። የ8 ሰዓት ፈረቃ በወረቀት 360 ይሰጣል። ቀለም ለመቀየር፣ ለጽዳትና ለትንንሽ መቆሞች አንድ ሰዓት ተኩል ከሄደ የቀረው 6.5 ሰዓት ነው፤ 292። በ360 የወጣ ዕቅድ ገና ሰኞ ጠዋት ውሸት ነው፤ ሐሙስ ላይ ደግሞ ማንም አያየውም። ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግራችሁ ፎርማኑ ነው። ቢሮ ጠርታችሁት አይደለም፣ ማሽኑ ጋ ሄዳችሁ። የማይጻፉ ደንቦችንም የምትሰሙት እዚያው ነው፤ ለምሳሌ ቀለም ያለው ምርት ከነጭ ተነስቶ ወደ ጥቁር ቢሄድ በየመሃሉ የሚያስፈልገው ጽዳት ያንሳል፤ ከጥቁር ወደ ነጭ መመለስ ግን ማሽኑን በደንብ ማጠብ ይጠይቃል። ይህን የማያውቅ ፕላነር ትዕዛዞቹን በመጡበት ተራ ደርድሮ ግማሹን ቀን በጽዳት ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ፦ የቅርቡ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ዕቅድ ያለ ኃላፊ ፈቃድ አይነካም። ይህ ከሌለ ጮክ ብሎ የጠየቀ የሽያጭ ሠራተኛ ሁሉ ዕቅዱን ይቀይረዋል።

7. ሰርተፍኬት

እ.ኤ.አ. በ1957 ኤፒክስ ተብሎ የተመሠረተውና ዛሬ ኤኤስሲኤም የሚባለው ማኅበር የሚሰጠው ሲፒአይኤም ለዕቅድና ለክምችት ሥራ ቀጥተኛው ነው። ግዥ ላይ መቆየት ለሚፈልጉ መቀመጫው ብሪታንያ የሆነው የግዥ ባለሙያዎች ማኅበር ሲአይፒኤስ ከጀማሪ አንስቶ በደረጃ የተከፋፈለ ትምህርት አለው። የአሜሪካው የአቅርቦት ባለሙያዎች ማኅበር አይኤስኤም የሚሰጠው ሲፒኤስኤም የዓመታት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይሆንም። ሁሉም ገንዘብ ይፈልጋሉ። ምክሬ ሥራ ከያዛችሁ በኋላ እንድትጀምሩ ነው፤ የምታነቡትን የምታመሳክሩበት ፋብሪካ ይኖራችኋል፣ ምናልባትም ቀጣሪው ይከፍልላችሁ ይሆናል።

8. ሲቪና ቃለ መጠይቅ

"ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል" የሚለውን ሰርዙ። በምትኩ የሠራችሁትን ከነብዛቱ ጻፉ፦ ስንት ዓይነት ዕቃ ያለበት መጋዘን፣ በየስንት ጊዜው የሚቆጠር፣ ስንት ትዕዛዝ የተከታተላችሁበት። ልምድ ከሌላችሁ የሠራችሁትን የኤክሴል ዕቅድ አትማችሁ ይዛችሁ ግቡ።

ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ "አንድ ዕቃ ዘግይቷል፣ መስመሩ ከሁለት ቀን በኋላ ይቆማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ጀማሪ "አቅራቢው ጋ እደውላለሁ" ይልና ያበቃል። የተሻለው መልስ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በአካል ይታያል፤ መጋዘን፣ ምርመራ እየጠበቀ ያለው፣ ማሽን አጠገብ የተረፈው። ከዚያ አቅራቢው ሙሉውን ባይሆን ያለቀውን ያህል ዛሬ መላክ ይችል እንደሆነ፣ ፈጣን ማጓጓዣም ይኖር እንደሆነ ይጠየቃል። ተተኪ ዕቃ ካለ በኢንጂነሪንግና በጥራት ክፍል ፈቃድ ብቻ። ጎን ለጎን ፕላነሩ ያን ዕቃ የማይፈልገውን ምርት ወደ ፊት ያመጣል። ሽያጭ ክፍልም አዲሱን ቀን ከነብዛቱ ይሰማል፣ መስመሩ ከመቆሙ በፊት።

9. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

በመጀመሪያው ወር ምንም ነገር ለመለወጥ አትሞክሩ። በየጠዋቱ ኮምፒዩተር ከመክፈታችሁ በፊት ማምረቻውን ዙሩ። በየሳምንቱ 20 ዓይነት ዕቃ መርጣችሁ ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ቁጠሩ፣ ከሲስተሙም ጋር አስተያዩ፤ ልዩነት ስታገኙ ቁጥሩን ከማስተካከላችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። ምክንያቱ ካልተገኘ ልዩነቱ በሚቀጥለው ወር ይመለሳል።

በሁለተኛው ወር ያልተዘጉ የግዥ ትዕዛዞችን በሙሉ አውጡ። የማድረሻ ቀናቸው አልፎ ክፍት የሆኑ ብዙ ታገኛላችሁ። ሲስተሙ ዕቃው ነገ የሚገባ እየመሰለው አዲስ ትዕዛዝ አያወጣም፤ ዕቃው ግን አይመጣም። ለእያንዳንዱ አቅራቢ ደውላችሁ ወይ አዲስ ቀን አስገቡ፣ ወይ እንዲሰረዝ አስወስኑ።

በሦስተኛው ወር ከፍተኛ ገንዘብ የሚወጣባቸውን ዕቃዎች ለዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ አንድ አምስተኛ ያህሉ ናቸው። የእነሱን የማድረሻ ጊዜ ካለፉት ገቢ ደረሰኞች ላይ አስሉና ሲስተሙ ውስጥ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። 15 ቀን ተብሎ የተመዘገበው በተደጋጋሚ 28 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ ማስረጃውን አያይዛችሁ ቁጥሩ እንዲቀየር ለኃላፊያችሁ አቅርቡ።